መኪናው ለለቅሶ ብቻ ይወጣል

የእድራችን ደንብ ስለ መኪናው የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው ለለቅሶ ብቻ ይወጣል። ይህን የጻፉት ሰዎች ብልህ ነበሩ። ደንቡ ባይኖር ኖሮ መኪናው የሰፈሩን ሲሚንቶ፣ ድንችና የሰርግ ቢራ ሲያመላልስ ገና ድሮ ያልቅለት ነበር። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ሞተሩ የሞተ ዕለት ምን እንደሚደረግ ነው። ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ የወደቀው በሁለት ምክንያት ነው፤ መካኒክ ነኝ፣ የሾፌሩም ልጅ ነኝ።

መኪናው ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ ጋቢናው ጠባብ፣ መሪው ጉልበት የሚጨርስ። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ጭኖ የሚመጣው እሱ ነው። የሚነዳው አባቴ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በጡረታ ከተገለለ፣ እናቴም ካረፈች ወዲህ፣ አባቴን ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር ይህ መኪና ብቻ ነው። ጠዋት አስፋልቱ ዳር ወዳለው የእድሩ ቤት ይወርዳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ያሞቀዋል፣ ያጠፋዋል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰው ከሞተ ደግሞ ይነዳዋል።

ሞተሩ የሞተው ከዊንጌት በላይ ዳገት ላይ፣ ድንኳን እንደጫነ ነው። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ የሚቀመጥበት አልነበረም፤ ዝናቡም አልማረውም። እድር ከዚህ የባሰ ሐፍረት የለውም። በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሐጂ ይላቸዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ከፍ ማድረግም አያስፈልጋቸውም፣ ምክንያቱም የተናገሩት ነገር አይመለስም።

«ሞተር ይቀየርለት» አሉ። «ግን በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳኑ ከለቀስተኛው ቀድሞ ካልደረሰ መኪናው ይሸጣል። እኛም እንደ ሌላው እድር እንከራያለን።»

ከአባቴ ጋር ከስብሰባው ወጣን። መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ «መኪናው ከተሸጠ እኔ ጠዋት ተነስቼ የት ነው የምሄደው?» አለኝ። አባቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። «አይሸጥም» አልኩት፤ በምን ተማምኜ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከተገለበጠ ዘመናዊ የጭነት መኪና የወጣ ሞተር አገኘሁ። አጭር ነው፣ ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተርም አለው። አባቴ ዙሪያውን ዞረው።

«ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?»

«ናፍጣውን ይመጥናል፣ ሙቀቱን ይቆጣጠራል፣ ጥፋት ካለ ይናገራል።»

«እኔስ ታዲያ ምን ልሠራ ነው?»

«ትነዳለሃ።»

«ከተፈቀደልኝ» አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሞተር በሻንሲ፣ መኪናውን በሚሸከመው የብረት አጽም ላይ፣ እንዲሁ አይጣልም። በግራና በቀኝ መሐላቸው ወፍራም ጎማ ያለባቸው የብረት መቀመጫዎች አሉት፤ ክብደቱን የሚሸከሙት፣ ንዝረቱንም የሚውጡት እነሱ ናቸው። የአሮጌው ሞተር መቀመጫዎች አንዱ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ነበሩ። የአዲሱ ግን ወገቡ ላይ ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ሞተር ሊያርፍ በሚፈልግበት ቦታ ሻንሲው ላይ ባዶ ብረት ብቻ ነው ያለው። ይህ ለማንም መካኒክ ጭንቀት አይደለም። ሻንሲውን በድሪል ትበሳለህ፣ አዲስ መቀመጫ ትበይዳለህ፣ ምሳህን ትበላለህ።

ድሪሉን አንስቼ ገና ሳላስነሳው ሐጂ ከኋላዬ መጡ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሻንሲውን ልበሳ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«ኮሚቴው ሞተር ቀይር ብሎኝ የለ?»

«ሞተር ቀይር አለህ እንጂ ሻንሲ ብሳ አላለህም። ሻንሲው የአባላቱ ነው።»

«እንግዲያው አባላቱን ይጠይቁልኛ።»

«በሕይወት ያሉትን እጠይቃለሁ። ይህ መኪና ሲገዛ ያዋጡት ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። እነሱን ማን ይጠይቅልኝ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። እየቀለዱ አልነበረም። «ብየዳስ?» አልኳቸው። «እሳትማ ጭራሽ» አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ድሪሉን አስቀመጥኩ። ቁልፎቼን ሁሉ ሰብስቤ ልሄድ ነበር፤ ግን አባቴ ከመኪናው አጠገብ ጨርቅ ይዞ ቆሟል፣ ምንም ያልቆሸሸ መስታወት ይወለውላል። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ሳይበሱ፣ ሳይበይዱ ሞተር መስቀል ነው። ሻንሲውን ከላይና ከታች በወፍራም ላሜራ አቅፎ፣ በቡሎን ተጠብቆ የሚይዝ መቀመጫ ሠራሁ። ሥራዬን ስለማውቅ አልፎክርም፤ የሚያምር ነገር ነበር። ችግሩ የመጣው ላሜራውን ሻንሲው ላይ ስገጥመው ነው። ሻንሲው ብረት አይደለም፤ ቀለም ነው። በእኛ እድር፣ በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ለሟቹ ነፍስ መኪናውን ቀለም ያስቀባል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ወፍራም ቅርፊት ሆኗል። ቅርፊቱን ጠርዙ ላይ ብታየው ከታች አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ግራጫ፣ ደግሞ አረንጓዴ፣ ከላይ ሰማያዊ ነው። መፋቂያዬን አወጣሁ።

«እሱን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» አሉ ሐጂ።

«ልፍቀው ነው። ላሜራው ብረት እንጂ ቀለም መያዝ አይችልም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይንሸራተታል።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ሻንሲውን በጣታቸው ነኩት። «ከላይ ያለው ሰማያዊ የባለቤቴ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሰው ምን ይላል? አልፋቅኩትም። ቡሎኑን እጄ እስኪዝል አጠበቅኩት፣ ሞተሩን አስቀመጥኩት፣ ተነሳ። ድምፁ ለስለስ ያለ ስለነበር አባቴ ጆሮውን ኮፋኖው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «በርግጥ ተነስቷል?» አለ። ተነስቷል፤ መሄድ አለመሄዱን ግን ዳገት ላይ ጭነት ጭኖ ሳይሞከር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህንኑ ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂም የደንቡን ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ።

«ለሙከራ እኮ ነው» አልኩ።

«ለሙከራ የሚል የለውም። ለለቅሶ ነው የሚለው።»

«ሰው እስኪሞት ልንጠብቅ ነው?»

«ሁልጊዜስ ምን ስንጠብቅ ነው የኖርነው?» አሉኝ።

ጠበቅን። ማንም አልሞተም። በሰፈራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ጤና ታይቶ አይታወቅም። ዓመቱን ሙሉ የአልጋ ቁራኛ ሆነው የከረሙ ሰዎች በከዘራ እየተደገፉ ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። አባቴ በፊት የታመመ መጠየቅ አይወድም ነበር፤ አሁን ብርቱካን በላስቲክ አንጠልጥሎ ከቤት ቤት ይዞራል። «እንዴት ሰነበትክ?» ይላል፤ «ደህና ነኝ» ሲሉት ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ጎረቤታችን ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝቶ ድኖ ወጣ። አባቴ እንኳን አተረፈህ ሊለው ሄዶ፣ «ሐኪሞቹ በደንብ አይተውሃል? እርግጠኛ ናቸው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እስከ ዛሬ አያናግረውም። ባለቤቴ ጉንፋን ይዟት ሳል ሲያስቸግራት፣ አባቴ ጠዋት ማታ እየደወለ እንዴት አደረች፣ እንዴት ዋለች ይለኝ ጀመር። «ምነው ድንኳኑን ከወዲሁ ግቢያችን አይተክለውም!» አለች። ሳቅኩ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ማንም እንዲሞት አይፈልግም። የሚፈልገው መኪናውን ማውጣት ነው፤ መኪናው የሚወጣው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ይህን ሐሳብ አንጎሉ ውስጥ አስታርቆ የሚተኛ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። አባቴም አልተኛም፤ ከሳ።

በዚህ መሐል ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ሴትዮ ወደ ኮሚቴው መጡ። እማማ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት አጥር ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ የጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። የእድር መዋጮ አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም፤ ለቅሶ ቤት ድስት ሲታጠብ እጃቸው የማይኖርበት ጊዜ የለም። ያን ዕለት እኔም ስለ ሞተሩ ላስረዳ ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ።

«ለቅሶ አለብኝ» አሉ እማማ፤ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከበሩ ሥር የተቀመጠው አባቴ ብድግ አለ። ሐጂ ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉበት መልሶ ተቀመጠ።

«ማን ሞተብዎት?» አሉ ሐጂ።

«ወንድሜ።»

ሁላችንም የወንድማቸውን ነገር እናውቃለን። የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በልጅነቱ ጭነት ይዞ ወደ አሰብ እንደወረደ አልተመለሰም። እማማ እሱን ሲጠብቁ አሰብ ራሷ ሌላ አገር ሆነች።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«መሞቱን በምን አወቁ ታዲያ?»

«ቢኖር ኖሮ ይመጣ ነበር።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማማ፣ ለቅሶ የሚወጣው እኮ መርዶ ሲነገር ነው።»

«አዎ፣ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት» አሉ እማማ። «እናንተ ንገሩኝ።»

እማማ ቀጠሉ። «የሰው ድንኳን ውስጥ ሳለቅስ ነው የኖርኩት። በሰው ሬሳ ላይ የራሴን እያለቀስኩ። እኔ ስሞት ደጄ ላይ ትተክላላችሁ፤ ያኔ ደግሞ እኔ አላየውም። የመኪናውንም ነገር ሰምቻለሁ። እሱም ይሞከር፣ እኔም ላልቅስ።»

ከኮሚቴው አንዱ፣ «ምናልባት በሕይወት ኖሮ ከመጣስ?» አለ። ሐጂ አሰቡበት። «ከመጣ ደስታ ነው» አሉ። «ለደስታ ድንኳን አንሰጥም፤ ስለዚህ እኛን አይመለከተንም።» በዚህ ሁሉም ተስማማ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ወንድምየው የሚያስብ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ስለ ዳገቱ ነበር የምናስበው። ወደ እማማ ቤት የሚወስደውን የሚያህል ቀጥ ያለ ዳገት በሰፈሩ የለም፤ እዚያ ከወጣ የትም ይወጣል። ከሰፈሩ ጋርም ስምምነት ተደረገ። መርዶው ማለዳ ይነገራል፤ እኔ ለአባቴ ስልክ እደውላለሁ፤ መኪናው ይመጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ከዚያ ለቀስተኛው ይሰበሰባል። እንዲህ ተስተካክሎ የታቀደ ለቅሶ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ጎህ ሲቀድ ሐጂ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ዳገቱን ወጣን። አባቴ ታች ሞተሩን አሙቆ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። እማማ ግቢያቸውን ጠርገው፣ ለድንኳኑ ቦታ እንዲሆን የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈተው፣ ገና ሳናንኳኳ በሩን ከፈቱልን። «ግቡ» አሉ። መቀመጫ ሰጡን። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ፣ «ባያለቅሱስ?» ብሎ አንሾካሾከ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለው ያኛው። እኔ ስልኬን አውጥቼ የአባቴን ቁጥር አዘጋጅቻለሁ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

ሐጂ ተነስተው ቆሙ። መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ።

«እማማ፣ በርቱ። ወንድምዎ አርፏል።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ፣ «መቼ?» አሉ።

ይህን አላቀድነውም። ሐጂ እኛን ዞር ብለው አዩን፤ እኛም እሳቸውን አየናቸው።

«ቆይቷል» አሉ ሐጂ።

«የት ነው?»

«መንገድ ላይ።»

«ማን ቀበረው?»

ሐጂ በሕይወታቸው ዋሽተው እንደማያውቁ ሰፈሩ ይመሰክራል። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ሰዎች ቀብረውታል» አሉ። «ብቻውን አልነበረም።»

እማማ ጮኹ። በሰፈሬ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም። ያ ሁሉ ዓመት የተቀመጠ ጩኸት ባንድ ጊዜ ነው የወጣው። ሽማግሌዎቹ ክንዳቸውን ያዙ። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም፤ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ለአባቴ መደወሉን ረሳሁት። ሰፈሩም ስምምነቱን ረሳ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቶ ድንኳን እስኪተከል ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ነጠላ እያዘቀዘቀ፣ ጋቢ እየለበሰ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እየሮጠ መጣ። ግቢው ሞላ፤ የተረፈው ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጠ።

የደወለው አባቴ ነው።

«ልምጣ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሰዉ መጥቷል።»

«ሁሉም?» አለ።

«ሁሉም።»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙ ሳይቆይ የሞተሩ ድምፅ ከታች ተሰማ፤ ዳገቱ መሐል ሲደርስ ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ ሰማሁ። ሮጬ ወረድኩ። የፈራሁት ደርሷል። ቀለሙ ሞቆ ለስልሷል፣ የግራው መቀመጫ ሻንሲው ላይ ተንሸራቷል፣ ሞተሩ ተጣሞ ፋኑ ራዲያተሩን እየነካ ነው። አባቴ ፍሬኑን ረግጦ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም አላለም። እሱ ስለ ቀለም አያውቅም።»

መሣሪያዬ ጋራዥ ነው። ዙሪያዬን ሳይ ከኋላ ድንኳኑ ተጭኗል፤ ከላዩ የወይራ ካስማዎች አሉ። አንዱን መዝዤ በሞተሩ መቀመጫና በሻንሲው አግዳሚ ብረት መሐል ሰካሁት፣ በድንጋይ እየመታሁ አስገባሁት። ሞተሩ ቀና አለ። «በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለህ» አልኩት። እኔ እንደ ሞኝ ከጎን ከጎን እየሮጥኩ፣ ኮፋኖው ተከፍቶ፣ ዓይኔ ካስማው ላይ ተተክሎ፣ እየተንቀጠቀጥን ዳገቱን ወጣን። ወንዶቹ ድንኳኑን በተቀመጠው ለቀስተኛ ራስ ላይ ዘረጉት። አንድ ካስማ ስለጎደለ የአንዱን ማዕዘን ገመድ ሰዎች እየተፈራረቁ በእጃቸው ይዘው ዋሉ። ለሚመጣው ሁሉ ምክንያቱን ማስረዳት ስለማይቻል ማንም ምንም አላለም።

አባቴ ከመኪናው አልራቀም። ሦስቱንም ቀን ጋቢናው አጠገብ ቆሞ ነው የዋለው፤ ምግብ ሲያመጡለት፣ «በኋላ» ይላል። ድንኳኑ ከለቀስተኛው በኋላ እንደደረሰ ጉለሌ ሁሉ አይቷል፤ የሚከራከርበት ነገር የለውም። መኪናውን የሚገዛ ሰው እንዳለም ተወርቷል። እኔም አጽናናዋለሁ ብዬ ሄጄ አብሬው ቆምኩ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት ሐጂ እንደ ወጉ ወደ ባለ ለቅሶዋ ቀረቡ። እድሩ የጎደለበት ነገር ካለ የሚናገረው የለቅሶው ባለቤት ነው፤ እሱ ካለ በኋላ ማንም አይጨምርም። ሰዉ ጆሮውን አቆመ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«እማማ» አሉ ሐጂ፤ «ድንኳኑ በሰዓቱ ደርሶልዎታል?»

እማማ ዓይናቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ድንኳኑን ቀና ብለው አዩት።

«ብዙ ዓመት ዘግይቷል» አሉ። «ግን ደርሷል።»

«ባለ ለቅሶዋ ደርሷል ብለዋል» አሉ ሐጂ ለኮሚቴው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩና፣ «ምን ትጠብቃለህ? ወንበሩን ጫን» አሉት።